ከመዋቅር ውጪ የተለወጠ ቅጠል

ማኅበራችን ከመቋቋሙ በፊት ሰባት ሰዎች ያለምንም ሥርዓት ደስተኞች ነበርን።

ሥራችን የፀሐይ ህትመት ነው፤ የሚያውቁት ሳያኖታይፕ ይሉታል። ሁለት ኬሚካል በውሃ ይበጠበጥና ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ ይቀባል። ሲደርቅ ቅጠል ወይም ዳንቴል ይነጠፍበታል፣ መስታወት ይጫነዋል፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ በውሃ ሲታጠብ ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በቃ ይኸው ነው። መመሪያ የለው፣ ማህተም የለው፣ ሊቀመንበር የለው። ድክመታችንም እዚህ ላይ ነበር።

በወሩ መጨረሻ እሑድ አክስቴ ግቢ እንሰበሰባለን። አክስቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ሁሉም የሠራውን ለፈለገው ይሰጣል፣ የወደደውን ይወስዳል፣ ተሳስቀን እንለያያለን። ማን ለማን ምን እንደሰጠ የሚመዘግብ አልነበረም። መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሠራሁት ለእኔ ይህ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

አንድ እሑድ አባላችን ፋርማሲስቱ ጎረቤቱን ይዞ መጣ። ሰውየው የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከረባታቸውን ግን ጡረታ ያላስወጡ ናቸው። ገመድ ላይ በመቆንጠጫ የተሰቀሉትን ህትመቶች እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው አዩ።

“ቆንጆ ነው። በማን ሥር ናችሁ?” አሉ።

“በማንም” አለች አክስቴ።

“እሱስ ያስታውቃል” አሉ በሐዘኔታ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማኅበር ሆንን፤ እሳቸውም ሊቀመንበር ሆኑ። ሙያውን ጨርሶ አለማወቃቸው ገለልተኛ እንደሚያደርጋቸው ያስረዱት ራሳቸው ናቸው። እኔ ሁለት እጅ ማውጣት ስለማይፈቀድ አንዱን ብቻ አወጣሁ። ጸሐፊነቱም ለእኔ ተሰጠኝ።

በዚያው ዕለት ሌላው አባላችን፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ አንድ ህትመት ይዘው መጥተው ነበር። አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ያዋለደችበት ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ሲቆረጥ ፖስተኛው ደብዳቤ ሊያደርሱ ደርሰው ኖሮ፣ አንድ ዘለላ ቅጠል አንስተው መጽሐፍ ውስጥ አስቀመጡ። ያንን ነው ያተሙት። አክስቴ ደግሞ በልዋጩ የምትሰጣቸውን አዘጋጅታለች፤ እናቴ፣ ማለትም እህቷ፣ ጀምራ ያልጨረሰችው ዳንቴል ህትመት ነው። የአክስቴ ዓይን እየደከመ ነበር። ሐኪሙ ከዓመት በላይ ተስፋ አልሰጣትም።

“ወንድሜ፣ ወዲህ ይበሉ፤ ዓይኔ ሳይከዳኝ ልየው” አለች።

ፖስተኛው እጃቸውን ሲዘረጉ ሊቀመንበሩ መሀል ገቡ።

“ቆይ፣ ቆይ። በምን አግባብ?”

“አግባብ ምን ያደርጋል? እሳቸው ይሰጡኛል፣ እኔ እሰጣቸዋለሁ።”

“ነገ አንዱ ተበደልኩ ቢልስ?”

ለሃያ ወራት ስንለዋወጥ ተበደልኩ ያለ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ግን ቅሬታ ያልነበረው ቅሬታ ሰሚ ስላልነበረ መሆኑን አብራሩልን።

ሁሉም ህትመት ተሰብስቦ ለግምገማ ገባ። ገምጋሚዎቹ ሊቀመንበሩና እኔ ነበርን። የፖስተኛው ቅጠል አንድ ጥግ ላይ ትል ስለበላው ነጥብ ተቀነሰበት፤ ጥፋቱ የትሉ ነው ወይስ የአባሉ የሚለው ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ዳንቴሉ ደግሞ ያልተጠናቀቀ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሠሪዋ አጠናቅቃ እንድታቀርብ ደብዳቤ እንዲጻፍላት ተወሰነ። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ደብዳቤውን ጻፍኩ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ስላልመጣ መዝገቡ ላይ “ቀሪ” ብዬ ሞላሁባት።

ከዚያ ማህተም መጣ። የማኅበሩ ማህተም ሰማያዊው ላይ ሲመታ አይታይም፤ ስለዚህ ነጩ ላይ፣ ይኸውም ቅጠሉ መሀል ላይ እንዲያርፍ ተደረገ።

አክስቴ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች።

“ልጄ፣ ቅጠሌ የት ደረሰ?”

“በሂደት ላይ ነው፣ አክስቴ።”

“ሂደቱ ሩቅ ነው እንዴ? አንተ እኮ ቤትህ እዚሁ ነው።”

“በትዕግሥት ጠብቂ” እላታለሁ። እሷም ትጠብቃለች። በአራተኛው ወር የበሯን ቁልፍ በዳበሳ መፈለግ ጀመረች።

በሰባተኛው ወር የልውውጡ ቀን ደረሰ፤ ሊቀመንበሩ ሳሎን ተሰበሰብን። መመሪያው ፍትሐዊ ነበር፤ እያንዳንዱ አባል በሰጠው ልክ ይቀበላል፣ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይበላለጥም። ችግሩ ሰባቱ ህትመቶች ሰባት የተለያየ ነጥብ ማግኘታቸው ነው። ሊቀመንበሩና እኔ ሁለት ቀን ስንደምርና ስንቀንስ ቆየን። በመጨረሻ የአንድ ህትመት ትክክለኛ አቻ ራሱ ህትመቱ ብቻ መሆኑን ደረስንበት። ስለዚህ ለሁሉም አባል የገዛ ራሱ ህትመት፣ ከምስክር ወረቀት ጋር፣ በጭብጨባ ተሰጠው።

አክስቴ ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው።

“ይሄ እኮ የራሴው ነው!”

“አዎ። አሁን ግን በሕጋዊ መንገድ ነው ያገኙት” አሉ ሊቀመንበሩ።

አክስቴ ወንበር እየተደገፈች ሦስት እርምጃ ሄዳ ፖስተኛው ፊት ቆመች።

“ይያዙ፣ ወንድሜ።”

“እንኪ፣ እህቴ።”

አለቀ። ሰባት ወር የፈጀብን ሥራ ሰው ሁለት ጊዜ እስኪያስነጥስ ድረስ እንኳ አልቆየም። ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ዞራ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

“ይኸው! ትሉ የበላው ሳይቀር! ስንቷ ምጥ የያዛት ይህን ዛፍ ይዛ ቆማለች! ይሄ ክብ ነገር ግን ምንድን ነው?”

“ማህተም ነው” አልኳት።

እንባዋ ወረደ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አላሰፈርኩትም።

ሌሎቹም እሷን አይተው እዚያው ተለዋወጡና ስድስቱም ወጥተው ሄዱ። ሊቀመንበሩ ድርጊቱን “ከመዋቅር ውጪ የተፈጸመ ልውውጥ” ብለው ሰየሙት። ስድስቱ እንዲባረሩ ሐሳብ አቀረቡ፤ ደገፍኩ። ነገር ግን አንቀጽ አሥራ አራት፣ ያረቀቅኩት እኔው ነኝ፣ አባል የሚባረረው ከስምንታችን ቢያንስ አምስት ሰው በተገኘበት ነው ይላል። እኛ ሁለት ነን። ስለዚህ ስድስቱ ለመባረር በሰዓቱ እንዲገኙልን በአክብሮት የሚጠይቅ ደብዳቤ ተጻፈ፤ እኔም በእጄ ላደርስ ሄድኩ።

አክስቴ ግቢ ስገባ ስድስቱም ሳፋ ላይ አጎንብሰው ህትመት ያጥባሉ። ደብዳቤውን ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችኝ።

“መቼ ነው?”

“እሑድ ጠዋት።”

“እሑድ ፀሐይ ካለ ሥራ አለብን። ደመና የሆነ ቀን መጥተን ታባርሩናላችሁ። ይህቺን ጫፍ ያዝልኝ እስቲ፣ ልጄ፣ እንዳትቀደድ።”

መያዝ ፈልጌ ነበር። በጣም ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ውሳኔ በመጠባበቅ ላይ ካሉ አባላት ጋር በሥራ መተባበር የጥቅም ግጭት ስለሚፈጥር ተሰናብቼ ወጣሁ።

ይኸው ዘጠኝ ሳምንት ሆነ፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ቁራጭ ደመና አልታየችም። እኔና ሊቀመንበሩ በየጠዋቱ ወንበር ስበን መስኮቱ ሥር እንቀመጣለን። እሳቸው ከረባታቸውን አይፈቱም፤ ድንገት ቢዳምንስ? ዛሬ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

“ደብዳቤ ጻፍ” አሉኝ።

“ለማን ልበል?”

“ለሚመለከተው ሁሉ።”

ደመና እንዲላክልን በትሕትና የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌ አቀረብኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“መጠኑን አልገለጽክም። ዝም ብሎ ደመና ይባላል?”

“ስድስት ሰው ለማባረር የሚበቃ” ብዬ ጨመርኩበት። ፈረሙ፤ ማህተምም አሳረፉበት።