የቲነር በርሜሎቹን ከብየዳው ስለ ማራቅ የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 11። ከጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡50 ተጀመረ።
ቦታ፦ የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረቻው፣ ፎቅ ላይ ያለው የስብሰባ ክፍል።
የተገኙ፦ ምክትል ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ የግዢ ኃላፊው፣ በያጁ፣ ቀቢዋ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ (ጸሐፊ)።
ያልተገኙ፦ የደኅንነት ባለሙያው። መደቡ ከተፈቀደ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰው አልተቀጠረበትም።
ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ በርሜሎቹን ስለ ማራቅ

ቀቢዋ ባለፈው ዓርብ የብየዳ ፍንጣሪ ቲነር የጠጣ ጨርቅ ላይ አርፎ እሳት መነሣቱን፣ በአሸዋ አፍነው ማጥፋታቸውን፣ በርሜሎቹም ከብየዳው ሦስት እርምጃ ብቻ እንደሚርቁ አስረዱ። እሳትና ጭድ አብረው አይቀመጡም አሉ። የግዢ ኃላፊው ድርጅቱ ጭድ ገዝቶ እንደማያውቅ አረጋገጡ። ሰብሳቢው ስለ እሳቱ የተሞላ ቅጽ እንዳልደረሳቸው፣ ቅጽ ያልተሞላለት እሳትም ወሬ መሆኑን ገለጹ። ቅጹ የት እንደሚገኝ ሲጠየቁ ገና አልታተመም ብለዋል።

በያጁ አሥራ አራት ዓመት ሲበይዱ አንድም ቀን ተቃጥለው እንደማያውቁ ተናገሩ። የግዢ ኃላፊው በያጁ ወደ ግድግዳው ዞረው እንዲበይዱ ሐሳብ አቀረቡ። ቀቢዋ እሳት የሚይዘው የቲነሩ ተን መሆኑን፣ ተን ደግሞ በዞሩበት ሁሉ እንደሚመጣ አስረዱ። ተን በዓይን ይታያል ወይስ አይታይም በሚለው ላይ አርባ ደቂቃ ክርክር ተደርጎ፣ አይታይም ተብሎ በስምምነት ታልፏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ በርሜሎቹ ወደ ጓሮ እንዲዛወሩ፣ ቅጽ እንዲታተምና ሁለት የእሳት ማጥፊያ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው በውጤቱ ደስ ብሏቸው ሲጋራ ለኮሱ፤ ሲጨርሱም ቁራጩን በመስኮት ወረወሩት።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

5፡20 ላይ ግቢው ውስጥ ከመስኮቱ ሥር፣ ከበርሜሎቹ ብዙም ሳይርቅ የተከመረው ቲነር የጠጣ የቀለም ጨርቅ ተያያዘ። አባላት በማዕረግ ቅደም ተከተል ወጡ፤ ሰብሳቢው ቀደሙ። የግዢ ኃላፊው ውሃ በባልዲ ይዘው ሲመጡ ቀቢዋ፣ "ውሃ አይድፉበት፣ ቲነር ነው! አሸዋ!" አሉ። አሸዋ ያቀበላቸው ስላልነበረ በእጃቸው እየዛቁ፣ እሳቱ በርሜሎቹ ጋ ሳይደርስ አጠፉት። ቀኝ መዳፋቸው ተላጠ።

ስብሰባው ግቢው ውስጥ በቁም ቀጠለ። ሰብሳቢው እሳቱ መጥፋቱ የአሠራሩን አስተማማኝነት እንደሚያሳይ ገለጹ። ቀቢዋ አስተያየት ሲጠየቁ፣ "እጄ ሲነድ ቆማችሁ ታዩኝ ነበር እኮ" አሉ። ሰብሳቢው ይህ እንዳይጻፍ አዘዋል፤ ትእዛዛቸውም ተጽፏል።

ስለሆነም በአጀንዳ 1 የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ በርሜሎቹ ባሉበት እንዲቆዩ ተወሰነ። ቀቢዋ እጃቸው እስክሪብቶ ስለማይዝ አልፈረሙም፤ እንደ ደገፉ ተቆጥሯል።

ስብሰባው 6፡10 ላይ ተበተነ። በያጁም ወደ ብየዳቸው ተመለሱ።