ሁለት ሚሊ የቀረው ግድግዳ

ሙያ ሁሉ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ቋንቋውን ግን ከሙያው ደጅ ማውጣት ደግ አይደለም። ልብስ ሰፊ «የሰውዬውን አንገት ጠበብ አድርጌ እጁን ቆርጬዋለሁ» ሲል ሱቁ ውስጥ የተቀመጠ ደንበኛ ሻዩን ፉት ይላል እንጂ እግሬ አውጪኝ አይልም። ያንኑ ቃል ከአጥር ማዶ የሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን እናንተው ገምቱት። ያውም በደርግ ጊዜ! ያኔ ከአፍ የወጣ ነገር አፋፍ ደርሶ አይቆምም፤ ቀበሌም ይገባ ነበር።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቶርኖ ላይ፣ እንጨት እያሽከረከርኩ በመሮ ስቀርጽ ነው። በሥራ ቀን በአንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር ውስጥ የወንበር እግር ሳወጣ እውላለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ገርጂ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ከአሮጌ የስፌት መኪና ፔዳል በገጣጠምኳት ትንሽዬ ቶርኖ አውራ ጣት የምታክል እንስራ፣ ገንቦና ዋንጫ እሠራለሁ። ቦሌ መንገድ ያለ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ይረከበኛል። ባለቤቴ አልማዝ ከጎኔ ተቀምጣ ትለካለች። ምን ትለካለች አትሉም? የግድግዳ ውፍረት! የዕቃን ጎን እኛ ቶርኖ ቤት ግድግዳ ነው የምንለው። ትንሽ እንስራ ግድግዳዋ ከወፈረ ድንጋይ ትመስላለች፤ ከሳሳ ደግሞ መሮው በወዲያ በኩል ብቅ ብሎ «እንዴት ዋላችሁ» ይላችኋል። በአንገቷ ጣት አይገባ፣ ማስመሪያ አይገባ። ስለዚህ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ መለኪያ አጠፍኩ። አንዱ ክንዱ በአንገቷ ገብቶ የውስጡን ጎን ሲደገፍ፣ ውጭ የቀረው ክንድ ከእንጨቱ ምን ያህል እንደራቀ አይቶ የቀረውን ውፍረት ማወቅ ይቻላል። መጨረሻ ላይ አምፖል እናስጠጋለን፤ የሳሳ እንጨት ብርሃን ያሳልፋል።

ቤታችን ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ መጋዘን ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። በመካከላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ። እሱም ግድግዳ ነው፤ መዘዙም ይኸው ነው። ወዲያ ማዶ የተከመረው የራሽን ስኳር ነበር። ጠባቂው ጋሽ ደስታ አንገታቸውን ደፍተው የሚሄዱ፣ ሰላምታቸው እንኳ የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ሰሞን ስኳሩ ከጆንያው እየጎደለ፣ የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ወድቆ ኖሯል። እኛ ከየት እንወቅ!

አንድ እሁድ ከሰዓት ገና ያልደረቀ፣ ሳይጨረስ ካደረ የሚሰነጠቅ የወይራ እንስራ ይዘን ተቀምጠናል።

«ስንት ቀረን?» አልኳት አልማዝን።

«ሁለት ሚሊ። ግድግዳው ሳስቷል፤ ከዚህ በላይ ከገፋህ ይበሳል።»

«ዛሬ ካልጨረስነው እኮ ነገ ይበላሻል።»

«እንግዲያው ቀስ በል። መብራቱ በወዲህ በኩል መታየት ጀምሯል!»

እስኪ ፍረዱ። ጋሽ ደስታን ብትሆኑ፣ ጆሯችሁን ከጭቃው ለጥፋችሁ ይህን ብትሰሙ፣ ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተበርግዶ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መኮንን ሽጉጣቸውን እንደታጠቁ ገቡ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ተከተሏቸው። ጋሽ ደስታ ከኋላ ናቸው።

«ቀዳዳው የት ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የምን ቀዳዳ፣ ጓድ?»

«የስኳሩ! ሁለት ሚሊ የቀረው!»

«የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚሉት ክስ ነበር በዚያ ዘመን፤ ያ ስም የተለጠፈበት ሰው እንኳን ራሱ፣ ወሬውም ቤቱ አይመለስም። አልማዝ ጣቷን ወደ ቶርኖው ቀሰረች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ የምንለካው የዚችን ግድግዳ ነው።»

እንስራዋን አዩ፤ እኛን አዩ። «ይቺ ደግሞ ግድግዳ አላት? እሺ፣ አሳዩኛ! ስትሠሩ ልይ።»

ፔዳሉን ረገጥኩ። ጠመንጃው አጠገቤ ነው፣ እንስራዋ ከተበሳች ደግሞ ውሸታም መሆኔ ነው። አልማዝ ሽቦውን አስገብታ «አንድ ተኩል» አለች፤ ድምፅዋ የገበያ ቀን ድምፅ እንጂ የተከሰሰ ሰው ድምፅ አልነበረም። እሱ አረጋጋኝ። ፍቅፋቂው እንደ ክር እየተጠቀለለ ወረደ። አምፖሉን ስታስጠጋ የእንስራዋ ሆድ ከውስጥ ቀላ፤ ጆሮ በፀሐይ ፊት እንደሚቀላው። ሊቀመንበሩ ጎንበስ አሉ። አብዮት ጠባቂዎቹም ጎንበስ አሉ። መሮዬን መልሼ ሳስገባ ጓድ መኮንን ሳያስቡት ክንዴን ያዙና ጮኹ፦

«በቃ! በቃ፣ አቁም! ይበሳል!»

ከዚያ አልማዝ ሳቀች። ሳቋ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሊቀመንበሩም እንዳይስቁ ታገሉና ተሸነፉ።

ግን ከመጡ አይቀር መጋዘኑ ይፈተሽ ተባለ። ጆንያ እያነሳን አወጣን። ያ የእኛ ግድግዳ እንደ ደንቡ ቆሟል። በማዶ ጥግ፣ በውጪው የፍሳሽ ቦይ በኩል፣ ከታች ጆንያ ሥር ግን ቡጢ የሚያስገባ የአይጥ ጉድጓድ ተገኘ፤ ከሥሩ የተቦጫጨቀ ጆንያና እፍኝ የማይሞላ ስኳር። ጋሽ ደስታ ጉድጓዱን አይተው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሰሞን በልባቸው የያዙት ትንፋሽ አሁን ወጣ መሰለኝ።

ማምሻውን ደጃችን መጥተው ቆሙ። «ልጄ፣ እኔ ልታሰር ነበር። ድምፃችሁን ስሰማ እግዜር የላከልኝ መስሎኝ…» አሉ። መቼስ ምን ይባላል? ፈሪን ፈሪ ከሰሰው። እንዲገቡ ለመንናቸው፤ ገቡ፤ እራታችንን አብረን በላን።

በሚቀጥለው እሁድ የቀበሌው ስብሰባ አጀንዳ አይጥ ሆነ። ጓድ መኮንን የሰፊውን ሕዝብ ስኳር በሚመዘብሩ አይጦች ላይ የማያዳግም እርምጃ እንዲወሰድ አሳሰቡ። እኔና አልማዝ፣ ጋሽ ደስታም በመካከላችን፣ እጃችንን ከሁሉ ቀድመን አወጣን። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከቀበሌው ነዋሪዎች ስብሰባው ላይ ያልተገኙት አይጦቹ ብቻ ነበሩ።