የኃላፊው የልደት ዘመን

ሲግናል አካባቢ በሚገኝ አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት፣ የሠራተኞች መረጃ ለማን፣ በምን መልክ፣ የትኛው ወጥቶ የትኛው ተደብቆ እንደሚላክ የሚወስን ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ከተራ ሐሳብ ርቆ ይመክር ዘንድ እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ ሦስት ቀን ንጹሕ አየር ሳበ።

የሲስተሙ ባለሙያ ሐመልማል ቃለ ጉባኤው ሲደርሳት ደጋግማ አነበበችው። በሩ ላይ ባለው ስክሪን ስምና ማዕረግ ብቻ ይታይ፤ በሚታተመው ዝርዝር ስልክ ይጨመር ይላል። ይህ ደግ ነው። በየወሩ ለበላይ መሥሪያ ቤት በሚላከው ፋይል ላይ ግን «ከመምሪያ ኃላፊ በላይ ያሉ አመራሮች የልደት ዘመን ለተቋማዊ ደኅንነት ሲባል እንዳይወጣ» ይላል።

ከመምሪያ ኃላፊ በላይ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ዋና ኃላፊው አቶ ዘረሰናይ። ጡረታ በስድሳ ነው። እሳቸው ግን የወረቀት ማኅደራቸው በቢሮ ዝውውር ስለጠፋ ያለ ዕድሜ ገደብ ሲያገለግሉ ቆይተዋል። አዲሱ ሲስተም ነው ከመታወቂያቸው ልደታቸውን ያወቀባቸው።

ሐመልማል ኃላፊው ቢሮ ገብታ በትሕትና አስረዳች። መደበቁ ቀላል ነው፤ ተቀባዩ ሲስተም ግን ባዶ ቦታ ሲያገኝ የራሱን ይሞላል።

«ምን ብሎ?»

«አላውቅም። የእነሱ ነው።»

«ይሙላዋ» አሉ አቶ ዘረሰናይ። «ከእውነቱ የከፋ ምን ሊሞላ?»

እሷም ትእዛዙን በጽሑፍ ጠየቀች፤ ፈርመው ሰጧት።

በወሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ሲስተሙ ባዶውን ቦታ 1900 ዓ.ም. ብሎ ሞልቶት ኖሯል። አቶ ዘረሰናይ እስከ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ሳይታክቱ በማገልገላቸው ተመስግነው፣ ከዛሬ ጀምሮ በክብር ተሰናብተዋል።

ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራቸው ወደ ሐመልማል ጠረጴዛ ወረዱ። የተፈረመውን ወረቀት ከመሳቢያዋ ልታወጣ እጇን ስትልክ፣ ቁጣ ሳይሆን ልመና ሰማች።

«ልጄ፣ ልደቴን አውጪው።»

«እውነተኛውን?»

ትንሽ አሰቡ። «መካከለኛ የለም?»

«ያለው አንድ ነው።»

አንገታቸውን ደፉ፤ ላከችው። ኃላፊው ስድሳ አራት ዓመታቸው እንደሆነ በይፋ ተረጋገጠ።

መልሱ በማግስቱ ደረሰ። እርማቱ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስንብቱም ከአራት ዓመት በፊት ጀምሮ እንዲጸና ተወስኗል። አቶ ዘረሰናይም በእነዚህ አራት ዓመታት ቢሮው ውስጥ ምን ሲሠሩ እንደነበር በአስቸኳይ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ታዘዋል። ሠራተኛውም መልሱን ለማወቅ ዓመታት የጠበቀ በመሆኑ፣ በአክብሮት ግልባጭ እንዲደርሰው ጠየቀ።