ዐሥረኛው እንስሳ

ድንጋይ ከተማረ ሰው ይሻላል። ድንጋይ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ተንከባሎ ነው፤ የተማረ ሰው ግን አስቦበት፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ የመኪና ከፍሎ ነው የሚገባው። በተማሩት ላይ የምሳለቅ እንዳይመስላችሁ። እኔም ተምሬያለሁ… ሊያውም ዘግይቼ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አብረውኝ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸውን ሲነቅሉ እኔን ሊያጩኝ ሽማግሌ ይላክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርሁ፣ ዐርባን ካለፍሁ በኋላ ሚዛን ተፈሪ ላይ ለዲግሪ አንድ ኮርስ ብቻ ቀረኝ። እሱን ካለፍሁ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከሥራ መደቤ ፊት ለዓመታት ተጎልቶ የኖረው «ረዳት» የሚለው ቃል ይነሳልኛል። ከወደቅሁ ደግሞ ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን ነው።

የኮርሱ ርእስ የባሕር ጥቃቅን እንስሳት ነው። አዎ፣ የባሕር። አገራችን ባሕር እንደሌላት ወሬው ለሞጁሉ አዘጋጆች ገና አልደረሰም። መምህራችን ወጣት ነው፤ አንድ ባሕር ዳርቻ ሦስት ወር ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ጠላቂዎች ካልሆነ አያወራም። አዝኖልን፣ ባሕር ያጣ ተማሪ ወንዝ መጠቀም እንደሚችል ፈቀደ። እያንዳንዱ ተማሪ ግን ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በገዛ ዓይኑ ዐሥር ዓይነት ጥቃቅን እንስሳት አይቶ፣ ሥሎ ማምጣት አለበት። ከዐሥር አንድ ከጎደለ ኮርሱ ይደገማል።

ሥራው በጥንድ ስለሆነ ከድር ደረሰኝ። ከድር ከጅማ በኩል የመጣ፣ ሚዛን ገበያ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከፈታቸው ቦንዳዎች ባንዱ ውስጥ ጥቁር፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የተያያዘ የላስቲክ ልብስ ተገኝቶ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ሱቁ በር ላይ ተሰቅሏል። አንድ ሞተረኛ የዝናብ ልብስ መስሎት ለክቶት፣ እሱን ከውስጡ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቷል አሉ። መምህራችን ሲያልፍ አይቶት የጠላቂ ልብስ መሆኑን በደስታ አበሰረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከድር ልብስ ነጋዴ መሆኑ ቀርቶ ጠላቂ ሆነ። መምህሩም ከነደስታው ፊት የሚሸፍን የጠላቂ መነጽር አዋሰን።

ጠላቂ አየር የሚስብበት ጋን እንደሚያስፈልገው ሞጁሉ ውስጥ አንብቤ ነገርሁት። ከድር አልተደናገጠም። ከመነዳሪ የሚባለውን የአይሱዙ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ገዝቶ፣ ጎሚስታ ቤት አየር አስሞልቶ፣ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ሰካበት። ሲስበው አየሩ ትንሽ ጎማ ጎማ ከማለቱ በቀር እንከን እንደሌለው ነገረኝ። እኔም፣ መጽሐፍ ያነበብሁት ሴትዮ፣ ነገሩ ብልህነት መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጥቃቅን እንስሳት የሚወዱት ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ነው ስለተባለ፣ ቅዳሜ ጠዋት በቴፒ አድርገን ማሻ ወጣን። የማሻን ብርድ ለማታውቁ፣ እዚያ አገር ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊትም ውሃ ውስጥ ናችሁ። ያረፍነው ከድር ለገበያ ሲወጣ ከሚያድርበት ከአቶ አደሎ ቤት ነው። ከቤታቸው ጓሮ፣ ከጫካው ሥር አንድ ኩሬ የሚያህል የወንዝ ማቆሪያ አለ፤ ከአባታቸው ጀምሮ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ወግ አለው። የሚገባ ሰው ስሙንና የመጣበትን ጉዳይ ጮክ ብሎ ለውሃው ይናገራል፤ ሲወጣም ያገኘውን ይናገራል።

ከድር ጉሮሮውን ጠርጎ ለሳይንስ እድገት መምጣቱን ለውሃው አስታወቀ። አቶ አደሎ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ?»

«ለማርክ ነው፣ አባባ።»

«እሱስ ይገባኛል» አሉ። «የኔም ልጅ ተማሪ ነው።»

ከድር ልብሱን ለብሶ፣ ቱቦውን ነክሶ፣ አየር የሞላውን ከመነዳሪ በወገቡ አጥልቆ ገባ። ከዚያም እንዲሰምጥ ጠበቅን። አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ቀድሞ የገባው ካለ ዝም ይበል፤ እኛ የገባን ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። አየር የተሞላ ጎማ የታጠቀ ሰው አይሰምጥም። የአቶ አደሎ ባለቤት ከዳር ቆመው፣ ሰውየው ውሃው ላይ ለመተኛት ከሆነ ቤት ውስጥ መደብ እንዳለ በትሕትና ጠቆሙ።

ከድር ተስፋ አልቆረጠም። ድንጋይ አስለቅሞኝ በጆንያ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። አሁን ጭንቅላቱ ሰመጠ፤ ወገቡና እግሩ ግን ከላይ ቀሩ። እግሩን እያወናጨፈ የኩሬውን ጭቃ ከሥሩ በጠበጠው። አቶ አደሎ በሁለት እግሩ ጎትተው ሲያወጡት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ምን እንዳየ ጠየቅሁት። ወላሂ ጭቃ ነው አለኝ። ጭቃ ደግሞ እንስሳ አይደለም።

እሑድ ጠዋት ጭቃው ረግቶ ውሃው እንደ መስታወት ጠራ፤ ከድር ግን ከሦስት ጋቢ ሥር አልወጣም። «በገዛ ዓይኑ» የሚለው ትእዛዝ ለእኔም የወጣ ስለሆነ ተራው የኔ ሆነ። ልብሱ የተሰፋው የኔን ሁለት እጥፍ ለሚሆን ፈረንጅ ነው፤ ያም ሆኖ ያለ ሳሙና አልገባ አለኝ። ከላይ ጉርድ ቀሚሴን ደረብሁበት፤ ባሕር የሌለው አገር ሰው ይሉኝታ አለው። መዋኘት ስለማልችል አቶ አደሎ ወገቤን እንደ ጥጃ በገመድ አሰሩኝና ጫፉን ያዙ። ስሜን ለውሃው ተናገርሁ፤ ጉዳዬን ትናንት ስለሰማ አልደገምሁትም። የኩሬው ዳር ከጉልበት አያልፍም። እዚያው በሆዴ ተኝቼ፣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ እንደ ድንኳን ተነፍቶ፣ ፊቴን ውሃው ውስጥ ደፋሁ።

ብርዱን አልተርክላችሁም፤ ጥርሴ እስካሁን አያምነኝም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። አንዲት ትል የአሸዋ ቅንጣት በቅንጣት ላይ ለጥፋ ቤት ሠርታለች፤ ቤቷን ተሸክማ ኪራይ እንደማያሳስበው ሰው ቀስ ብላ ትሄዳለች። ድንጋዩ ላይ እንደ ቁልፍ የተለጠፈ ክብ ነገር ነበር፤ ቁልፍ ነው ብዬ ስተወው ተራመደ። ባለሦስት ጭራ ትል፣ ጥፍር የምታህል ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ ጥንዚዛ፣ እንደ ክር የቀጠነች ቀይ ትል… አልቅትም አየሁ፤ እሱን ያየሁት ካየኝ በኋላ ነው። በመጨረሻ ከአንድ ድንጋይ ሥር ሸርጣን ወጣች። ሆዷን ገለጥ ስታደርግ ምስር የሚያህሉ ልጆቿ ተጣብቀውበታል፤ እግር አላቸው፣ ያንቀሳቅሱታል። ትንፋሼ እስኪያልቅ አየኋቸው። ሕይወቴን በሙሉ ስለ ዓለም ሳነብ ዓለም በጉልበት ጥልቀት ልክ እዚህ ተቀምጦ ነበር።

ዘጠኝ።

ስምንት ጊዜ ወጣሁ፣ ስምንት ጊዜ ገባሁ። ጣቶቼ እርሳስ መያዝ ሲያቅታቸው አቶ አደሎ ገመዱን ስበው አወጡኝ። ከድር ጋቢውን ተከናንቦ መጣና ደብተሬን ቆጠረ።

«እንቁራሪት ጨምሪ፣ እህቴ።»

«እንቁራሪት አላየሁም።»

«እንቁራሪት የሌለበት ውሃ የት አለ? አንቺ ባታያትም እሷ አይታሻለች።»

ስንሄድ እንደ ወጉ ያገኘነውን ተናገርን። ከድር ለውሃው ዐሥር አለ። እኔ ዘጠኝ አልሁ። አቶ አደሎ ሁለታችንንም አይተው፣ ከአንድ ውሃ የወጣ ሰው እንዲህ ሲለያይ አላየሁም አሉና ገመዳቸውን ጠቀለሉ።

ሰኞ ሪፖርቱ ተሰበሰበ። ከድር የኔን ዘጠኝና ያላያትን እንቁራሪት አስገብቶ ኤ አገኘ። ከሚዛን ያልወጡት ሌሎቹ ጥንዶች ደግሞ ከሞጁሉ ላይ የባሕር ፈረስና የባሕር ኮከብ ገልብጠው፣ ቴፒ መንገድ ላይ ካለ ወንዝ አገኘን ብለው እነሱም ኤ አገኙ። እኔ ወደ ቢሮ ተጠራሁ።

«እትዬ ዘነበች፣ ይኼ እኮ ዘጠኝ ነው» አለኝ መምህሩ።

«ያየሁት ዘጠኝ ነው።»

ከርሞ እንደምደግም ማወቁ አስጨንቆት ገጾቹን ገለበጠ። ሸርጣኗ ላይ ሲደርስ ቆመ። ልጆቿን ሆዷ ላይ እንደምትይዝ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። ከመጽሐፍ አለመሆኑን ነገርሁት። ሦስት ወር ሙሉ ባሕር ዳር ተቀምጦ ይህን አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ አነበብሁ። ሥዕሉን አራቀው፣ አቀረበው፣ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶውን አነሳ።

«እናቲቱ ዘጠነኛ» አለ። ከልጆቿ አጠገብ ቁጥር እየጻፈ፣ «ልጆቿ ዐሥረኛ።»

«ልጆቿም እኮ ሸርጣን ናቸው።»

«እትዬ፣ መመረቅ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

ሰዎች ዝምታዬን ጨዋነት ነው ይሉኛል። የዚያን ቀን ዝምታዬ ግን ጨዋነት አልነበረም።

ተመረቅሁ፤ «ረዳት» የሚለውም ተነሣ። ልጆቻችሁ ለጥናት ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ሲመጡ ያላንዳች ሐሳብ ላኩልኝ። የሸርጣን ልጅ ሸርጣን አለመሆኑን በዲግሪ ደረጃ አስረዳቸዋለሁ።