ለንግግሩ ቀን ሲቆረጥ

ከራሱ ሃይማኖት ይልቅ ለጎረቤቱ ሃይማኖት የሚጨነቅ ፖለቲከኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ወልድያ፣ በሰፈራችን የውሃ ማኅበር ውስጥ፣ ሁለት አውቃለሁ።

በደንባችን መሠረት ሊቀመንበሩ ለተወካዮች ንግግር ሳያደርግ አዲስ ሥራ አይጀመርም። የተበላሸው ቦኖም ይህንኑ ንግግር እየጠበቀ ደርቋል። የሊቀመንበሩ ወገን ንግግሩን ከማኅበሩ ምርጫ በፊት ይፈልገዋል፤ ተቃዋሚው ደግሞ ከምርጫ በኋላ። ይህን ግን ማን በአፉ ያወጣዋል?

ቀኑን ለመቁረጥ በተጠራው ስብሰባ ላይ የሊቀመንበሩ ደጋፊ አቶ መኮንን፣ “ቅዳሜ ይሁን” አሉ።

ተቃዋሚው አቶ ሰይድ ደነገጡ። “ቅዳሜማ ሚካኤል ነው! ክርስቲያን ወንድሞቼን ከታቦት አስቀርቼ? አላደርገውም! ከምርጫው ማግስት፣ ዓርብ ይሁን።”

ሚካኤልን የረሱት አቶ መኮንን በተራቸው ተቆጡ። “በጁምዓ? ሙስሊሙ ሶላቱን ትቶ? ምነው፣ አላህን አይፈሩም?”

ማክሰኞ ገበያ ነው። ሌላውም ቀን እንዲሁ አንድ በዓል ወይም አንድ ለቅሶ ተገኘለት። በሰው ሃይማኖት እንዲህ የሚተሳሰብ ሕዝብ ከየት ይገኛል?

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ከኋላ ተነሡ። “እናንተዬ፣ እኔ በጁምዓውም በሚካኤሉም ወንዝ እወርዳለሁ። ቦኖው መቼ ነው የሚሠራ?”

“እውነትዎን ነው፣ እናታችን!” አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

በዚሁ ስሜት ተስማሙ፤ ቀኑን የሚወስን ሌላ ስብሰባ እንዲጠራ። የዚያ ስብሰባ ቀን ላይ ሲደርሱ ግን ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ።

እትዬ ዘይነባ ፍጻሜውን አልጠበቁም። ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ አቀኑ። እኔም የራሴን ይዤ ተከተልኳቸው።