ስድብ ያልደረሳቸው ሰዎች

ትናንት ከምሳ በኋላ ደራሲው ምንተስኖት ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ጣለውና ሕልም አየ። የደከመው በሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ ስድብ መፍጠር ነበር። በሚጽፈው ልብ ወለድ ውስጥ ባለቀንዶችና ባለጭራዎች የሚባሉ፣ በዓለም ላይ የሌሉ ሁለት ዘሮች አሉ። የሚያዋጋቸው በቂ ምክንያት ቢያጣ ተሰዳድበው ይዋጉ ብሎ ወሰነ። ጎረቤቱን ቀና ብሎ ማየት የሚፈራ ሰው የሌሉ ሰዎችን ሲሰድብ እንዴት እንደሚጀግን አይጣል ነው።

በሕልሙ ራሱን አንድ ከተማ በር ላይ አገኘው። በረኛው ባለቀንድ ነበር።

«ስድብህ?» አለው በረኛው።

«ምን?»

«ሰዎች አንተን ምን ብለው ነው የሚሰድቡህ? ስድብ የሌለው አይገባም።»

«እኔን የሚሰድብ የለም» አለ ምንተስኖት ኮራ ብሎ።

በረኛው ከንፈሩን መጠጠ። «እናት አባትም የለህ?»

አሳዘነውና አስገባው። ውስጥ አንድ ባለቀንድና አንድ ባለጭራ መንገድ ላይ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። «ባለጭራን እራት ከጋበዙት ጭራውም ወንበር ይፈልጋል» ይላል አንዱ። «ባለቀንድ በግንባሩ ያንኳኳል፤ ከግንባሩ ውስጥ ግን የሚከፍት የለም» ይላል ሌላው። ደግመው ይሳሳማሉ። ሁለቱም ምንተስኖት የፈጠራቸው ስድቦች ናቸውና ደረቱን ነፋ። ጥቂት እንደሄደ ድንኳን ተጥሎ ሰው ለቅሶ ተቀምጦ አየ።

«ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የሞተስ የለም» አለችው አንዲት ባለጭራ፣ ዕንባዋን በጭራዋ እየጠረገች። «ወንድሜን ሰው መሃል አመሰገኑት።»

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ።

ድንኳኑ ወዲያው ችሎት ሆነ። ዳኞቹ ቆመዋል፤ ተከሳሹ ተደላድሎ ተቀምጧል። ተከሳሹ ራሱ ምንተስኖት ነበር። ከፊቱ ክንዳቸው ላባ የለበሰ አንዲት ባልቴት ትልቅ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል። በዚያ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነው የበደለው ሳይሆን የተበደለው ነው።

«ምን በደልኩዎት እማማ?»

«ባለላባዎች ነን ልጄ። መጽሐፍህ ላይ ‹ባለላባዎችም ነበሩ› ብለህ አለፍከን። አንድ ስድብ እንኳ አልደረሰንም። ያልተሰደበ ደግሞ ከከተማው ምንጭ አይቀዳም። ልጆቻችን ጤዛ ነው የሚልሱት። በድለኸናልና ይቅር በለን፤ አንዲት ስድብ ጣል አድርግልን።»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ፀሐይ በምሥራቅ እስክትጠልቅ ስጣቸው። ካልሰጠሃቸው ምንጩ እስከ ልጅ ልጅ ይዘጋባቸዋል።»

ሁሉም እየተግተለተሉ ወደ ምንጩ ወረዱ። ስድብ ሲያዘንብ የከረመው ሰውዬ አሁን አንዲት ቃል ጠፋችው። ሰውን ለመስደብ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱ ስለ ባለላባዎች አንድም ነገር አያውቅም።

«ሌቦች ናችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የሚሰረቅ ነገር ያለው ጎረቤት የለንም» አሉት ባልቴቷ።

«ሰነፎችስ?»

«ብንሆንማ በስንፍናችን ይሰድቡን ነበር።»

«እንዲያው ሳያችሁ ደግ ሰዎች ትመስላላችሁ» አለ ቸግሮት።

ባለላባዎቹ ለቅሶውን አቀለጡት። «እንዲህ ያለ አረመኔ አይቼ አላውቅም» አለ ዳኛው አጠገቡ ላለው ዳኛ። ልጆቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ምንተስኖትን ያዩታል። ጨነቀው፤ በሕልሙም ቢሆን ከልቡ ነው የጨነቀው። ፀሐይዋ ጫፏ ብቻ ቀርቷል። ባልቴቷ ድንጋዩ ከብዷቸው ጎንበስ ሲሉ ጥላቸው ምንጩ ላይ አረፈ። ይሄኔ ሳያስበው አንድ ነገር ከአፉ ወጣ።

«የእነሱ ጥላ ያረፈበት ውሃ ይመራል።»

 እልልታው ቀለጠ። ምንጩን የሚጠብቁት ዘበኞች ዞር አሉ፤ ባለቀንዶቹም ባለጭራዎቹም መንገድ ለቀቁ። ባልቴቷ ድንጋዩን ጥለው ጠጡ፤ ልጆቹም እስኪጠግቡ ጠጡ። «አንተ የማትረባ» ብለው በፍቅር ግንባሩን ሳሙት። ምንተስኖት በሕይወቱ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም።

ዘሎ ነቃ። ዓይኑን እንኳ ሳይታጠብ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጻፋትና ሚስቱን ውድነሽን ጠራ።

«እስቲ ይቺን ስሚ። አሁን በሕልሜ የመጣችልኝ ናት፤ ከየት እንዳመጣኋት እኔም አላውቅ።»

አነበበላት። ውድነሽ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን ተወች።

«እኔ አውቃለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«ከየት እንዳመጣሃት። እናቴ ሸክላ ሠሪ አልነበረች? ምንጭ ስትወርድ በዚችው ቃል ነበር የሚያባርሯት። ሰው ሁሉ ቀድቶ እስኪሄድ እንስራችንን ይዘን ራቅ ብለን እንቆም ነበር። የተጋባን ሰሞን ነግሬሃለሁ። ስነግርህ ታንጎላጅ ስለነበር አልሰማኸኝም ብዬ ነበር።»

ምንተስኖት አዘነ። እውነቱን ለመናገር በጣም አዘነ፤ ግንባሩን ቋጥሮ ጣቱን የኮምፒውተሩ መሰረዣ ቁልፍ ላይ አሳረፈ። ውድነሽ ቆማ ጣቱን ታያለች። ጣቱ ቁልፉን አልተጫነም።

«ግን እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እነዚያ ምስኪን ባለላባዎችም ሌላ ስድብ የላቸውም።»