በሐይቁ ስፖንጅ ታሽቼ

አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያው ተዋወቁኝ፤ ሙሄ እባላለሁ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ጡት ስታጠባኝ እንኳ ግማሹን ጠብቼ ወደ በሩ እድህ እንደነበር ትናገር ነበር።

ሥራም ላይ እንደዚሁ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያልሞከርኩት የለም። ዓሣ አጥምጃለሁ። ሞባይል ጠግኛለሁ። ባጃጅ ነድቻለሁ፤ እሱ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ መቀመጫው ራሱ ስለሚሄድ ይመስለኛል። ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ የእኔም ልብ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይሄዳል።

ይህ ጠባዬ ማንንም አይጎዳም ነበር፣ ሐዋን ባልወድ ኖሮ። ሐዋ የውጫሌ ልጅ ናት። አባቷ ሸህ እንድሪስ ደግሞ ሁለት ወንድ ልጆች ነበሯቸው። አንደኛው ደሴ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ ከጅዳ ነው የደወለው። ሁለተኛው ወንድሜን ላስመልስ ብሎ ወጣና እሱም ከዚያው ደወለ። ከዚያ ወዲህ ሸህ እንድሪስ ጎረምሳ ጫማውን ሲያስር ካዩ ይደነግጣሉ። ለሐዋ ሽማግሌ ብልክባቸው መልሳቸው አጭር ሆነ። ልጁ እግሩ አያርፍም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልጄን አግብቶ በወሩ ባሕር ለሚሻገር አልሰጥም፤ ይምጣና ፊቴ ይቀመጥ፤ አቀማመጡን ልየው አሉ።

ወጉ እንዲህ አይደለም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ልጁ ቤቱ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። እኔ ግን ለፈተና ተጠራሁ። ፈተናው ደግሞ መቀመጥ! ተቀመጥ ከሚሉኝ ዳገት በሩጫ ውጣ ቢሉኝ እመርጥ ነበር። እንቅልፍ አጣሁ። እውነቴን ነው፣ ያለ ሐዋ የሚቀጥለው ክረምት እንኳ አይታየኝም ነበር።

ያን ሰሞን ሥራዬ ምን ነበር መሰላችሁ? ጀልባ መቅዘፍ። አንዲት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ ሐይቁን ታጠናለች። ምኑን? ስፖንጁን። እኔ ደግሞ ስፖንጅ ሲባል የማውቀው ፍራሽ ነው። ሐይቃችን ውስጥ ፍራሽ ማን ጣለ ብዬ ልቆጣ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን የሰጠመ ግንድ አስወጣችኝና ላዩ ላይ የተለጠፈ አረንጓዴ ነገር አሳየችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሻጋታ ነው እያልኩ የረገጥኩት ነገር ነው። እንስሳ ነው አለችኝ። የቱ እንስሳ? ዓይን የለው፣ እግር የለው፣ ጭንቅላት የለው! ውሃውን በአንዱ ቀዳዳ ያስገባል፣ በሌላው ያስወጣል፣ መሐል ላይ ያገኘውን ይበላል። አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ወላሂ ቀናሁበት።

መልኩን አይታችሁ ዘሩን እለያለሁ ካላችሁ ግን ተሸወዳችሁ። ያው አንዱ ዓይነት ፀሐይ ካገኘ አረንጓዴ ነው፣ ጥላ ሥር ከዋለ ነጣ ይላል። ድንጋይ ላይ እንደ ምርጊት ይለጠፋል፣ እንጨት ላይ ጣት ጣት ያወጣል። ሁለት ዓይነት አገኘሁልሽ ብዬ በደስታ ሳመጣላት አንድ ናቸው ትላለች። አንድ ናቸው ብዬ የጣልኩትን ደግሞ ሮጣ ታነሳና እነዚህማ ሁለት ናቸው ትላለች። ምኑን አይተሽ ነው? መርፌውን ነዋ! ሰውነቱ ውስጥ በዓይን የማይታይ የመስታወት መርፌ ሞልቷል። ሥጋውን በአሲድ ታሟሟለች፣ የቀረውን መርፌ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ቀጥ ያለ አለ፣ እሾህ ያወጣ አለ፣ ሁለት ጫፉ እንደ ጋሪ ጎማ ክብ የሆነ አለ። ዝምድናቸው የሚቆጠረው በዚያ ነው። የባሕሩ ዘመዳቸው በሺህ የሚቆጠር ዓይነት ሲኖረው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖረው የእኛው ግን ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ያውም ገና ያልታየ ይኖራል አለችኝ፤ እንደ እኛ ያለውን ሐይቅ ማን ፈትሾት ያውቃል?

አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኘኝ። ውሃው ሲሸሽ ስፖንጁ ይደርቃል፣ ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ግን እንደ ጎመን ዘር ያለ ጠንካራ ፍሬ ጥሎ ያልፋል። ያ ፍሬ ውሃ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲሻው ደግሞ ወፍ እግር ላይ ተጣብቆ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል፣ ለምሳሌ አርዲቦ። ተቀማጭ ነው ያልኩት ሁሉ ልጁን ወደ ውጭ ይልካል ማለት ነው።

እንግዲህ ለተመራማሪዋ የሰበሰብኩትን ግቢያችን ቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ። እህቴ ዘይነባ ደግሞ ከጅዳ የተመለሰች ናት። ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች፤ ንጽሕናን በተመለከተ ከእሷ ጋር ክርክር አይገባም። የጅዳ እመቤቷ ገላዋን የምትታጠበው ከባሕር በወጣ ስፖንጅ ነበር፤ ሊፋ ይሉታል። ዘይነባ ያን ሊፋ አጥባ ማስጣት እንጂ በገላዋ ማሳረፍ አልተፈቀደላትም። ታዲያ የእኛን ቆርቆሮ ላይ ስታይ ምን ትበል? ሊፋ ነው አለች። አልተሳሳተችምም፤ ስፖንጅስ ስፖንጅ ነው። ያልለየችው ጎሳውን ነው። የመታጠቢያው መርፌ የለውም፣ ልስልስ ክር ብቻ ነው። የሐይቃችን ግን ብርጭቆ ነው።

ውጫሌ የምሄድበት ቀን ጠዋት ልጠብህ አለች። እንደ ሕፃን ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ፊቴን በሳሙና ሞላችውና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አንገቴን፣ ጀርባዬን፣ ብብቴን ትፈትገኝ ጀመር። ይወጋል እኮ ስላት እድፍህ ነው የሚጮኸው አለችኝ። አብሽር፣ እንደ እመቤቶቹ ነው የማሳምርህ! ውሃ ስታፈስብኝ ዓይኔን ገለጥኩ። እጇ ላይ ያለውን አየሁት። ተመራማሪዋ ደረቁን ያለ ጓንት እንዳትነካ ያለችኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ምን ዋጋ አለው? አብሮኝ ውጫሌ የሚሄደው አጎቴ ያሲን በር ላይ ሆኖ ረፈደ እያለ ይጣራል።

ሚኒባሱ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ጀመረኝ። መጀመሪያ እንደ ጉንዳን፣ ቀጥሎ እንደ እሳት። ሾፌሩ አምባሰል ከፍቷል። አምባሰል ነፍሴ ነው፣ ግን ቀስ ያለ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሌላ ምት ነበር የሚያስፈልገኝ። አጎቴ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ስነግረው፣ እዚያ ቤት ገብተህ አንዴ ብታክ ሐዋን እርሳት አለኝ።

ገባን። ሸህ እንድሪስ ፊት ለፊታቸው ካለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ብብቴ ይነድዳል። ወዲያው አንድ ነገር ገባኝ፦ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ሸሚዙ መርፌውን ይገፋዋል። ካልተንቀሳቀስኩ ትንሽ ይሻላል። እናም ተውኩት። መንቀሳቀስን ተውኩት! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገቴ እስከ እግሬ ደረቅኩ። ትንፋሼን እንኳ በቁጠባ ነበር የምስበው።

ሥራህ ምንድን ነው አሉኝ። ስለ ስፖንጁ ነገርኳቸው።

"ዕድሜ ልኩን ከቦታው አይነሳም ነው የምትለኝ?"

"አይነሳም አባባ።"

"ሱብሃነላህ! ቪዛ የማይጠይቅ ፍጡርም አለ?" አሉና ወደ አጎቴ ዞረው ሳቁ።

ስለ ወፉ እግር አላነሳሁባቸውም።

ከዚያ ዱዓ መጣ። ለዱዓ እጅ ይነሳል፤ እጅ ሲነሳ ብብት ይፈተጋል። ሸህ እንድሪስ ደግሞ ዱዓቸው ረጅም ነው። ለዝናቡ አደረጉ፣ ለአገሩ አደረጉ፣ ለሞቱት አደረጉ። በመጨረሻ በሰው አገር ላሉት አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። በዚያችው ሰዓት የእኔ እንባ ዱብ ዱብ አለ። የማሳከክ እንባ ነው፣ አልዋሽም። ቀና ብለው አዩኝ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ያኔ አፈርኩ። የሁለቱ ልጆቻቸው ነገር ከመርፌው ይበልጥ ወጋኝና ከልቤ አሚን አልኩ።

ዱዓው አልቆ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ስንቱን ጎረምሳ አይቻለሁ፣ እንዲህ አደብ ገዝቶ የተቀመጠ አላየሁም አሉ። ሰው ሲዋሽበት ነው፣ ይህ ልጅ የትም አይሄድም፣ ሰጥቻለሁ።

ወጥቼ የመጀመሪያውን ባሕር ዛፍ አገኘሁና ጀርባዬን ሰጠሁት። ማከክ እንዲህ ይጣፍጣል? ዓይኔን ጨፍኜ ስፋተግ ሐዋ ከኋላ መጣች።

"ሙሄ፣ ምን አለ አባባ?"

"የትም አይሄድም ብለው ሰጡኝ!"

"አልሐምዱሊላህ!" አለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "እንደሱ ባይልስ ብዬ ነበር የፈራሁት። ቪዛዬ ወጥቷል።"

ማከኬን አቆምኩ።

"የማን ቪዛ?"

"የኔ ነዋ። ሁለት ዓመት ናት፣ አብሽር። ከኒካሁ በኋላ እሄዳለሁ። አባባን ብቻውን ጥዬው እንዳልሄድ ነበር የጨነቀኝ። አንተም ሂያጅ ብትሆን ለማን አደራ እሰጥ ነበር?"

"አባትሽ ይህን ያውቃሉ?"

"እሱ የሚያየው የወንዶቹን እግር ነው" አለችኝ።

ኒካሁ ታሰረ፣ ሐዋ ሄደች። አሁን በየጁምዓው ውጫሌ እሄድና ከሸህ እንድሪስ ጋር ያው መደብ ላይ ተቀምጠን ስልኳን እንጠብቃለን። ስልኩ ሲዘገይ እሳቸው ይነሳሉ፣ እስከ በሩ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። እኔ ነኝ፣ አባባ እስቲ አርፈው ይቀመጡ የምላቸው።